ብረት የሚበላውን ረቂቅ ነፍስ ከጭቃ ያወጣ ሊቅ፤ የማርቲኑስ ቤይሪንክ የሕይወት ታሪክ

ብረት በሰው ልጅ ዘንድ የጽናት ምሳሌ ሆኖ ሲነገርለት የኖረ ማዕድን ነው። ነገር ግን ብረትም የራሱ ጠላት እንዳለው በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቃል። የመርከብ መልሕቅ፥ የወደብ ምሰሶ፥ የጣራ ቆርቆሮ፥ የበር ማጠፊያ ሁሉ በጨውና በእርጥበት ተበልቶ ሲያልቅ በየዕለቱ እናያለን። ይህን በዓይናችን የምናየውን ዝገት የሚያመጡት አየርና ውኃ ተባብረው መሆናቸው ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። ዳሩ ግን አየር ከማይደርስበት ከምድር ሆድ ውስጥ፥ ከጥልቅ ጭቃና ከነዳጅ ዘይት ጉድጓድ በታች የተቀበረ ብረት በምን ምክንያት ይበላል? ይህ ጥያቄ ለረዥም ጊዜ መልስ ያጣ እንቆቅልሽ ሆኖ ኖሮ ነበር።

የዚህን እንቆቅልሽ መፍቻ ቁልፍ ያገኘው ሰው ሲመራመር የነበረው ስለ ነዳጅ ዘይትም ሆነ ስለ ቧንቧ አልነበረም። የሚመረምረው በከተማው ቦይ ሥር የተኛውን ጥቁርና የሚሸት ጭቃ ነበር። ስሙም ማርቲኑስ ቪለም ቤይሪንክ ይባላል። ዛሬ በዓለም ላይ ባሉ የነዳጅ ዘይት ማውጫ ቦታዎች ሁሉ ኢንጂኒየሮች የሚሠጉበትን ረቂቅ ነፍስ ከተሸሸገበት አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እርሱ ነውና፥ የሕይወቱን ታሪክ ለአንባብያን ባጭሩ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ቤይሪንክ በማርች 16 ቀን 1851 ዓ.ም. በሆላንድ አገር በአምስተርዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴርክ ቤይሪንክ የትምባሆ ነጋዴ ነበረ። ነገር ግን ንግዱ አልቀናውም፤ ከስሮ ሱቁን ዘጋ። ስለዚህ በ1853 ዓ.ም. ቤተ ሰቡን ይዞ ናርደን ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደና በሆላንድ የብረት ሐዲድ ኩባንያ በጸሐፊነት ተቀጠረ። አባት በትምባሆ ከስሮ በብረት ሐዲድ እንጀራውን አገኘ። ልጁ ደግሞ ካደገ በኋላ ስሙ በዓለም ዘንድ ከሚነሣባቸው ነገሮች መካከል አንዱ የትምባሆ በሽታ፥ ሁለተኛው ብረትን የሚያጠፋ ረቂቅ ነፍስ ሆነ። የሰው ልጅ ዕድል እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አያጣም።

በቤቱ ውስጥ የነበረው ድኽነት ልጁን በጊዜው ትምህርት ቤት ከመግባት አገደው። እስከ 12 ዓመቱ ድረስ ያስተማረው አባቱ ራሱ ነበር። በኋላም ቤተ ሰቡ ወደ ሃርለም ከተማ በተዛወረ ጊዜ ማርቲኑስ ከእኩዮቹ ጋር ተማሪ ቤት ገባ። በዚያም ቫን ኤደን የሚባል የዕፀዋት ሊቅ መምህር አገኘ። ይህ መምህር ልጁን ወደ ሜዳና ወደ ዱር እየወሰደ ቅጠልን ከቅጠል፥ አበባን ከአበባ ለይቶ ማወቅን አስተማረው። ልጁም በ15 ዓመቱ፥ ማለት በ1866 ዓ.ም.፥ ዕፀዋትን ሰብስቦ በማቅረብ ውድድር ተሸላሚ ሆነ። ከዚያ ቀን ወዲያ ልቡ ከዕፀዋት ተለይቶ አያውቅም። በስተርጅና ዘመኑም የተመለሰው ወደዚሁ የልጅነት ፍቅሩ ነበር።

ዕፀዋትን መውደድ ብቻውን እንጀራ የሚሰጥ ሙያ አልነበረም። አባቱም ለከፍተኛ ትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። በዚህ ጊዜ አጎቱ ወጪውን ችሎለት በ1869 ዓ.ም. በደልፍት ከተማ ወደሚገኘው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ገባና ኬሚስትሪ አጠና። በዚያም ያኮቡስ ቫንት ሆፍ ከሚባል ተማሪ ጋር ወዳጅ ሆነ። ሁለቱ ወጣቶች ከትምህርት ሰዓት ውጭ በገዛ መኖሪያ ክፍላቸው የኬሚስትሪ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ይህ ቫንት ሆፍ በ1901 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሊቅ ነው። የወዳጁ የቤይሪንክ ዕድል ግን ሌላ ነበር፤ የኖቤልን ሽልማት ሳያገኝ ኖሮ ሳያገኝ ሞተ።

ቤይሪንክ በ1872 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ሄደ። እያስተማረ ራሱን እየረዳ ተማረና በ1877 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። የጻፈውም መጽሐፍ በዕፀዋት ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ትናንሽ ተባዮች እንቁላላቸውን በመጣል ስለሚያስነሡት እባጭ ነበር። ከ1876 ዓ.ም. ጀምሮ በቫህኒንገን የእርሻ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ሠራ። በመምህርነቱ ግን ደስታ አልነበረውም። ዕውቀቱ ብዙ፥ ትዕግሥቱ ጥቂት ስለ ነበረ ተማሪዎቹ ይፈሩት ነበር እንጂ አይቀርቡትም ነበር። ቢሆንም በሥራው ጥራት የተነሣ ገና በ33 ዓመቱ፥ በ1884 ዓ.ም.፥ የሆላንድ ንጉሣዊ የሳይንስ አካዴሚ አባል ሆኖ ተመረጠ።

ከዚህ በኋላ ሕይወቱን የለወጠ ነገር መጣ። በደልፍት ከተማ ቫን ማርከን የሚባል አስተዋይ ባለ ፋብሪካ ነበረ። ፋብሪካው እርሾና አልኮል የሚያወጣ ነው። እርሾ ራሱ ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ባለ ፋብሪካው ስለ ረቂቅ ነፍሳት የሚያውቅ ሊቅ ፈለገና ቤይሪንክን ጠራው። እርሱም በ1885 ዓ.ም. ጥሪውን ተቀብሎ ገባ። ላቦራቶሪም ተሠራለት። ያ ጊዜ በፈረንሳይ አገር የፓስተር፥ በጀርመን አገር የኮኽ ስም ከፍ ብሎ የሚሰማበት ዘመን ነበር። እነዚያ ሊቃውንት ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት ሰውንና እንስሳን የሚያሳምሙትን ጀርሞች ነበር። ቤይሪንክ ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ሰውን የማይነኩ፥ ማንም ልብ የማይላቸው፥ በአፈርና በውኃ፥ በሥርና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ነፍሳት በምድር ላይ ምን ሥራ ይሠራሉ? ብሎ ጠየቀ።

የዚህም ጥያቄ ፍሬ ቶሎ ታየ። ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራና እነርሱን የመሳሰሉ ጥራጥሬዎች ሲነቀሉ በሥራቸው ላይ እንደ ዶቃ ያሉ እባጮች ይታያሉ። በነዚህ እባጮች ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ ተጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን ከሥሩ አውጥቶ ለብቻው ያሳደገው አልነበረም። ቤይሪንክ በ1888 ዓ.ም. ይህን አደረገ። ባክቴሪያው ከተክሉ ጋር ተስማምቶ ከአየር ናይትሮጅንን እየወሰደ ለተክሉ ምግብ የሚያዘጋጅ ነው። ያገራችን ገበሬ አንድ ዓመት ጤፍ ወይም ስንዴ፥ በሌላው ዓመት ባቄላ ወይም ሽምብራ እያፈራረቀ መሬቱን ሲያሳርፍ የኖረው ከአባቶቹ በወረሰው ልማድ ነው። የልማዱን ምክንያት ግን በላቦራቶሪ ካስረዱት ሰዎች አንዱ ይህ የሆላንድ ሰው ነው። ከዚህም ሌላ የሞተ የባሕር ዓሣ በጨለማ እንዲያበራ የሚያደርጉትን ባክቴሪያዎች መረመረ፤ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩትን አረንጓዴ የውኃ አልጌዎችም ለየብቻቸው አሳደገ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሥራ ለሳይንስ ትልቅ ሀብት ሲሆን ለፋብሪካው ትርፍ ግን የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነበር። ቤይሪንክ ይህን ያውቅ ነበርና ኅሊናው ይወቅሰው ነበር። ደመወዝ የሚከፈለው ለእርሾ ሲሆን ልቡ ያለው በአተር ሥርና በዓሣ ቅርፊት ላይ ነው። ያሳደረው ጌታ አላስከፋውም፤ እርሱ ግን ራሱን አላስደሰተም። ቁመናው የፋብሪካ ሠራተኛ፥ መንፈሱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ሆኖ 10 ዓመት ቆየ። በመጨረሻም በ1895 ዓ.ም. በተማረበት በደልፍት ፖሊቴክኒክ የፕሮፌሰርነት ወንበር ተሰጠው። ከዚያም ጥቂት ቈይቶ በራሱ አሳብ የተሠራ ላቦራቶሪ አገኘ።

የብረቱ ነገር የሚጀምረው በዚሁ በ1895 ዓ.ም. ነው። ሆላንድ ዝቅተኛ አገር ናት፤ ከተሞችዋም በቦይ የተከፋፈሉ ናቸው። በበጋ ወራት ሙቀት ሲበረታ የቦዮቹ ውኃ ይጠቁርና እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ባሕር ሲሸሽ የሚቀረውን ጥቁር ጭቃ የቈፈረ ሰው ይህን ሽታ ያውቀዋል። ሽታው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ነው። ጋዙ ዲን፥ ማለት ሰልፈር፥ ያለበት ነው። በውኃ ውስጥ ሰልፌት የሚባል ሽታ የሌለው ጨው አለ፤ በባሕር ውኃ ውስጥ ደግሞ እጅግ ይበዛል። ይህ ንጹሕ ጨው ወደዚያ ክፉ ጋዝ እንዴት ይለወጣል? አንዳንዶች መበስበስ በራሱ የሚያመጣው ኬሚካዊ ለውጥ ነው ይሉ ነበር። ቤይሪንክ ግን ሕይወት ያለው ሠራተኛ ከኋላው መኖር አለበት ብሎ ጠረጠረ።

የፈለገበት መንገድ ከሌሎች ሊቃውንት መንገድ የተለየ ስለ ነበረ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። በአንድ ጭልፋ ጭቃ ውስጥ ቁጥር የሌለው ልዩ ልዩ ረቂቅ ነፍስ አለ። ከዚያ መካከል አንዱን መርጦ ማውጣት በገበያ ሕዝብ መካከል ስሙን የማያውቁትን ሰው እንደ መፈለግ ነው። ቤይሪንክ ግን ሰውየውን ከመፈለግ ይልቅ ሰውየው ብቻ የሚበላውን ማዕድ አዘጋጀ። ጠርሙሱን በውኃ እስከ አፉ ሞልቶ አየር እንዳይገባ በውታፍ ዘጋው። በውስጡም ሰልፌትና ጥቂት ምግብ፥ ለምልክት ያህልም የብረት ጨው ጨመረና ትንሽ ጭቃ ዘራበት። አየር የሚሹት ሁሉ ታፍነው ደከሙ፤ በሰልፌት መተንፈስ የሚችለው ግን በዛ። ጋዙ በወጣ ጊዜም ከብረቱ ጨው ጋር ተዋሕዶ ጠርሙሱን እንደ ቀለም አጠቆረው። ሠራተኛው በሥራው ተገለጠ።

ቤይሪንክ ይህን ጠማማ ቅርጽ ያለው ጥቃቅን ባክቴሪያ ስፒሪሉም ዴሱልፉሪካንስ ብሎ ሰየመው። ሰውና እንስሳ በአየር ውስጥ ባለው ኦክሲጅን እንደሚተነፍሱ ሁሉ ይህ ፍጥረት በሰልፌት ይተነፍሳል፤ ኦክሲጅን ግን ለእርሱ ጠላቱ ነው። በጊዜው ይህ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነበር። ረዳቱ ቫን ዴልደን ሥራውን ቀጥሎ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ጨው ባለበት የባሕር ውኃ የሚኖረውን የዚህን ባክቴሪያ ዘመድ አገኘ። ቤይሪንክ ግን እንደ ልማዱ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ያገኘው ፍጥረት ብረትን እንደሚያጠፋ በዚያን ጊዜ አልተገለጠለትም ነበር።

የሄደበት ሌላው ጥያቄ የትምባሆ በሽታ ነበር። በቫህኒንገን በነበረበት ጊዜ ባልደረባው አዶልፍ ማየር የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጐረጕር ተላላፊ በሽታ ያጠና ነበር። ቤይሪንክም በዚያ ቅጠል ውስጥ ባክቴሪያ ፈልጎ አላገኘም። ያልተመለሰውን ጥያቄ ግን አልረሳውም። የታመመውን ቅጠል ጨምቆ ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጥለያ ቢያጠልለውም ጭማቂው ጤነኛውን ተክል አሳመመ። ሩስያዊው ኢቫኖቭስኪ በ1892 ዓ.ም. ይህንኑ አይቶ ነበር፤ ነገር ግን የማጥለያው ጕድለት ወይም የባክቴሪያ መርዝ ይሆናል ብሎ አሰበ። ቤይሪንክ በ1898 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ግን ይህ ባክቴሪያ አይደለም፤ በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ የሚራባ ሌላ ዓይነት ነገር ነው ብሎ ቫይረስ በሚለው ቃል ጠራው። ስለዚህም የቫይረስ ጥናት መሥራች ከሚባሉት አንዱ ሆነ። እውነት ለመናገር ፈሳሽ ነው ማለቱ ስሕተት ነበር፤ ስታንሊ የሚባል አሜሪካዊ በ1935 ዓ.ም. ቫይረሱን እንደ ጨው አርግቶ አሳየ፤ ከጥቂት ዓመትም በኋላ ቅንጣቱ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታየ። ዋናው አሳቡ ግን ጸና።

በ1901 ዓ.ም. ደግሞ ከተክል ሳይጠጋ ብቻውን በአፈር ውስጥ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅንን የሚወስደውን ባክቴሪያ አገኘ። በ1905 ዓ.ም. የሆላንድ አካዴሚ በረቂቅ ነፍሳት ጥናት ለሚበልጥ ሰው የሚሰጠውን የሌቨንሁክን ሜዳይ ሸለመው።

የሰውየውን ጠባይ ሳይናገሩ ሥራውን ብቻ ማመስገን ታሪክን ግማሽ ማድረግ ነው። ቤይሪንክ ሚስት አላገባም። የሳይንስ ሰው ማግባት የለበትም የሚል እምነት ነበረው፤ ረዳቶቹም ጎጆ ሲወጡ ደስ አይለውም ነበር። ከሁለት እህቶቹ ጋር ይኖር ነበር፤ አንዲቱ እህቱም ለትምህርቱ የሚሆኑ ሥዕሎች ትሥልለት ነበር። በተማሪዎቹ ላይ ምላሱ ስለታም ነበር፤ የተሳሳተውን በሰው ፊት ያሳፍር ነበር። ከዕውቀቱ ብዛት የተነሣ ብዙ ወጣቶች ወደ ላቦራቶሪው ይመጡ ነበር፤ ከጠባዩ ክብደት የተነሣ ግን ብዙዎቹ አዝነው ይሄዱ ነበር። ደግሞም ራሱ አልፎ አልፎ ጥልቅ የኀዘን መንፈስ ይጫነው ነበር። ለማይናገረው ባክቴሪያ የሚመቸውን ምግብ ለይቶ የሚያውቀው ሰው ለሚናገረው ተማሪ የሚመቸውን ቃል ሳያውቅ ቀረ።

በ1921 ዓ.ም. 70 ዓመት ሲሞላው በሕጉ መሠረት ከሥራው ተሰናበተ። ከላቦራቶሪው መለየቱ እጅግ አሳዘነው። ከእህቶቹ ጋር በምሥራቅ ሆላንድ ወደምትገኘው ወደ ኾርሰል መንደር ሄዶ በአትክልት ቦታው ውስጥ የልጅነቱን ዕፀዋት ይመለከት ጀመር። በጃንዩአሪ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. በተወለደ በ79 ዓመቱ በዚያው አረፈ። በወንበሩ የተተካው አልበርት ያን ክላይፈር ግን ጠባዩ የተለየ፥ ተማሪ የሚያቀርብ ሰው ነበር። ከእርሱ ተማሪዎች አንዱ ቫን ኒል ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የደልፍትን ትምህርት በካሊፎርኒያ ተከለ። ስለዚህ ቤይሪንክ የዘራውን ሌላ ሰው ኮተኰተው፤ ፍሬውም በዝቶ ተገኘ።

አሁን ወደ ብረቱ እንመለስ። ቤይሪንክ ገና በሕይወት ሳለ፥ በ1926 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሎጂ ሊቅ ኤድሰን ባስቲን አንድ ነገር አስተዋለ። ከነዳጅ ዘይት ጋር ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ብዙ ጊዜ ሰልፌት የለውም፤ በፈንታው ግን ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለበት። ይህን ለውጥ ማን አመጣው? ባስቲን ከባክቴሪያ አዋቂው ከፍራንክ ግሪር ጋር ሆኖ ከጉድጓዶቹ የወጣውን ውኃ ቢመረምር የቤይሪንክን ዓይነት ባክቴሪያ አገኘበት። ብዙዎች ይህ ከመቈፈሪያው መሣሪያ ጋር ከላይ የገባ እንጂ ከሥር የነበረ አይደለም ብለው ተከራከሩት። ክርክሩም ብዙ ዓመት ቈየ። ከከርሰ ምድር በታች ሕይወት አለ ማለት በጊዜው የማይታመን ነገር ነበርና።

በሆላንድ ደግሞ ሌላ ችግር ነበረ። በእርጥብና በሸክላማ አፈር የተቀበሩት የውኃ ቧንቧዎች ይጠፉ ነበር። ቧንቧው ሲቈፈር ቅርጹ እንዳለ ሆኖ ይገኛል፤ ነገር ግን በቢላዋ ሲነኩት እንደ እርሳስ ድንጋይ ይቈረጣል። ብረቱ አልቆ የቀረው በውስጡ የነበረው ከሰል መሰል ነገር ብቻ ነው። በ1934 ዓ.ም. ቮን ቮልጾገን ኩርና ቫን ደር ፍሉክት የተባሉ ሁለት የሆላንድ ሰዎች ምክንያቱን አስረዱ። ብረት ውኃ ሲነካው ከላዩ ጥቂት ይሟሟል፤ በዚያውም ጊዜ ስስ የሃይድሮጅን ሽፋን ይለብሳል። አየር በሌለበት ይህ ሽፋን ብረቱን ይጋርደዋል፤ መሟሟቱም ይቆማል። የቤይሪንክ ባክቴሪያ ግን ሃይድሮጅኑን ይበላል። ጋሻው በተገፈፈ ቍጥር ብረቱ እንደገና ይሟሟል፤ ባክቴሪያውም እንደገና ይበላል። በትርፉም የሚያወጣው ሰልፋይድ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ቤይሪንክ በጠርሙሱ ውስጥ ለምልክት ያህል ያየው ጥቁረት የቧንቧው ሞት ምልክት ሆኖ ተገኘ። እርሱ ግን ከሞተ 3 ዓመት አልፎት ነበር።

በ1936 ዓ.ም. ክላይፈርና ቫን ኒል የባክቴሪያውን ወገን ዴሱልፎቪብሪዮ የሚል ስም ሰጡት፤ የመምህራቸው ዴሱልፉሪካንስ የሚለው ስም ግን እንደ ቅጥያ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገራል። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ የባሕር ጥናት ተቋም ሊቅ የነበረው ክሎድ ዞቤል በ1940ዎቹ ዓመታት ስለ ባሕር ደለልና ስለ ዘይት ጉድጓድ ባክቴሪያዎች ሰፊ ምርምር አደረገ። የዘይት ባክቴሪያ ጥናት የተባለው ክፍል ራሱን ችሎ የቆመው በእርሱና በዘመኑ ሰዎች ድካም ነው።

አደጋው የበረታው ሰዎች ዘይትን ከባሕር በታች ማውጣት በጀመሩ ጊዜ ነው። ዘይት ከጉድጓድ የሚወጣው በከርሰ ምድር ባለው ግፊት ነው፤ ግፊቱ ሲደክም ዘይቱን ገፍቶ እንዲያወጣ ውኃ ወደ ታች ይጨመራል። በባሕር ላይ ላለ ሰው የሚቀርበው ውኃ የባሕር ውኃ ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ ደግሞ ከ2 ግራም ተኩል በላይ ሰልፌት ይገኛል። ስለዚህ ያላወቀ ሰው ዘይት አወጣለሁ ሲል ለባክቴሪያው ቀለቡን በቧንቧ ያወርድለታል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ንጹሕ የነበረው ጉድጓድ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ማውጣት ይጀምራል። ጋዙ ቧንቧውን ከመብላቱ በላይ ሰው ገዳይ ነው። ጥቂት ሲሆን ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተትን ኀይል ያደነዝዛልና ሠራተኛው አደጋው አልፎ የሄደ እየመሰለው ይወድቃል። በሆላንድ ቦይ የአላፊ አግዳሚውን አፍንጫ ያስከፋ የነበረው ሽታ በዘይት ጉድጓድ ላይ የነፍስ ጉዳይ ሆነ።

ሰዎችም መከላከያ ፈለጉ። ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት በውኃው ይጨምራሉ፤ በቧንቧው ውስጥ ደለል እንዳይተኛ መጥረጊያ ይሰዳሉ፤ ሰልፌቱን አስቀድሞ ከባሕሩ ውኃ የሚያጣራ መሣሪያም ሠርተዋል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ናይትሬት መጨመር ነው። ናይትሬት ሲገባ በርሱ የሚተነፍሱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይበዙና ሰልፌት በሉን ምግቡን ተሻምተው ያደክሙታል። ጠላትን በጠላቱ መምታት ይህ ነው። ቤይሪንክ በጠርሙስ ውስጥ ማዕዱን ለውጦ የፈለገውን ፍጥረት እንዳበዛ፥ የዛሬ ኢንጂኒየሮችም በከርሰ ምድር ማዕዱን ለውጠው የማይፈልጉትን ፍጥረት ያስርባሉ። መንገዱ ያው የእርሱ መንገድ ነው።

የ1934ቱ ማስረጃም የመጨረሻው ቃል አልሆነም። በ2004 ዓ.ም. በጀርመን አገር በብሬመን የሚገኙ ተመራማሪዎች ሃይድሮጅኑን ሳይጠብቁ ከብረቱ ከራሱ ኤሌክትሮን በቀጥታ የሚወስዱ የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች እንዳሉ ገለጡ። ከከርሰ ምድር በታች ሕይወት የለም የሚለውም አሳብ ወድቋል፤ ዛሬ በጥልቅ ዓለት ውስጥ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን የሚጠራጠር የለም።

ከዚህ ሰው ሕይወት ምን እንማራለን? መጀመሪያ፥ ዕውቀት ዋጋው ወዲያው በትርፍ አይመዘንም። ቤይሪንክ ለፋብሪካው አልጠቀምሁም እያለ ሲያዝን ኖረ፤ ነገር ግን ለአንድ ፋብሪካ ያልጠቀመው ሥራ ከሞተ በኋላ ለብዙ ወደቦች፥ ለብዙ ከተሞች ውኃና ለብዙ ሠራተኞች ነፍስ ጠባቂ ሆነ። ከሚሸተው ቦይ አጠገብ አፍንጫውን ይዞ ያላለፈ አንድ ሰው በመገኘቱ ነው ይህ የታወቀው። ሁለተኛውም ትምህርት ከመጀመሪያው አያንስም። ዘሩን የዘራ መምህር ተማሪውን ካላቀረበ አዝመራውን የሚያጭደው ሌላ ነው። ቤይሪንክ ለሳይንስ ሲል ትዳርንና ወዳጅነትን ተወ፤ ይህ ሁሉ መተው አስፈላጊ እንዳልነበረ ግን ተተኪው ክላይፈር በሥራው አሳየ።

እንግዲህ ባሕር በሸሸ ጊዜ ከጥቁሩ ጭቃ ያ የገማ እንቁላል ሽታ ሲመጣብን አፍንጫችንን ብቻ ይዘን አንለፍ። ከእግራችን በታች ዓይን የማያያቸው ሠራተኞች ያለ ዕረፍት እየሠሩ ነውና፤ ስማቸውን የሰጣቸውን ሊቅ እናስታውስ።